ሳሙና ሳሙና የሚል ወተት

ጁሲሌይዴን በሙሉ ስሟ የሚጠራት የፋብሪካው ደመወዝ ከፋይ ብቻ ነው። ለቀረነው ሌይዴ ናት፤ ዞር ስትል ደግሞ «ሌይዴ ለምን» እንላታለን። ስሙ ቢያንሳት እንጂ አይበዛባትም። በስድስት ዓመቷ የአባቷን ሬዲዮ ፈትታ የሚያወራውን ሰውዬ የፈለገች፣ ቄሱን «መላእክት ሲያረጁ የት ይጦራሉ?» ብላ ያፋጠጠች፣ በሠርጓ ቀን እንኳ «ፈቃድሽ ነው ወይ?» ስትባል «እዚህ ድረስ መጥቶ እምቢ ያለ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል?» ብላ መልሳ የጠየቀች ሴት ናት። ሙሽራው ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ያደክማል፤ አልዋሽም። ግን ያን ሳምንት ያ ጠያቂነቷ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው፣ ሁለተኛ «ኧረ ዝም በይ» አልላትም ብያለሁ።

ከተማችን የምትተዳደረው ከክር ተሸምኖ በሁለት ጫፉ በሚሰቀል ተንጠልጣይ አልጋ ነው። ክሩን እንነክራለን፣ እንሸምናለን፣ ዘርፉን እንቋጥራለን፤ ወንዶቻችን ደግሞ መኪና ላይ ጭነው ወደ ደቡብ ይወርዱና በየደጁ እየዞሩ ይሸጡታል። የሌይዴ ባል ኤዲናልዶም ልጁ ኤሎዋ ሁለት ወር እንደሞላት ከነጋዴዎቹ ጋር ሄደ። ሦስት ወር እቆያለሁ ብሏል፤ አራትም ሊሆን ይችላል። እሱ እንደሄደ እናቱ ወይዘሮ ዙሚራ፣ በእኛ አጠራር ዶና ዙሚራ፣ የራሳቸውን አልጋ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መጡና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካሉት መንጠቆዎች ላይ ሰቀሉት። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ገባ የሚባለው አልጋውን ሲሰቅል ነው። ወጣ የሚባለውም ሲያወርድ።

ዶና ዙሚራ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ለምስጋናም ለስድብም ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚያምኑት የኮኮናት ሳሙናን ነው። የልጅቷን ጨርቅ በእሱ፣ የራሳቸውን ፀጉር በእሱ፣ ወለሉን በእሱ። ውሻው እንኳ ባልዲ ይዘው ሲመጡ ካየ ጅራቱን ቆልፎ ይሸሻል።

የሌይዴ የወሊድ ፈቃድ አራት ወር ነበር፤ ሰኞ ያበቃል። የፋብሪካው ኃላፊ አቶ አጌኖር፣ በእኛ አጠራር ሴው አጌኖር፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቁርጡን ነግሯታል።

«ሰኞ ጠዋት መሸመኛ መሣሪያሽ ላይ ካላየሁሽ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። በኋላ እንዳታዝኚብኝ።»

የኤዲናልዶ ሽያጭ እንደ አገራችን ዝናብ ነው፤ ሲያሰኘው ይመጣል። ቤቱ የሚበላው ከሌይዴ እጅ ነው። ኤሎዋ ደግሞ ከጡት በቀር የቀመሰችው ነገር የለም፤ እስከ ስድስት ወር ሌላ እንዳትቀምስም ሐኪሞቹ አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ እናት ትሄዳለች፣ ወተቷ ቤት ይቀመጣል። ቀላል ይመስላል አይደል? ለሌይዴም ቀላል መስሏት ነበር።

ስትወልድ ነርሷ ያስተማረቻትን አንድም አላጎደለችም። ፀጉር በሻሽ፣ አፍና አፍንጫ በንጹሕ ጨርቅ፣ እጅ እስከ ክርን ድረስ ታጥቦ። ከዚያ አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ከጡቱ ጫፍ ራቅ አድርጎ መያዝ፣ ወደ ደረት ገፋ ማድረግ፣ ጫን፣ ለቀቅ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ይደፋሉ፤ የቀረው ጠርሙስ ውስጥ ይታለባል። ጠርሙሱ ያ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ቡና የሚሸጥበት አፈ ሰፊው ነው፤ ክዳኑ ፕላስቲክ መሆን አለበት፣ ወረቀቱ ተልጦ ሩብ ሰዓት ይቀቀላል። ሰፈሩ በሙሉ ጠርሙስ አዋጣ። ክሬውዛ፣ ጎረቤቷም የሥራ ባልደረባዋም የሆነችው፣ አምስት ጠርሙስ ታቅፋ መጣች።

«ለአንቺ ብዬ ቡናውን ስጨርስ ሳምንት ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም» አለቻት። «ልጅሽ ስታድግ ንገሪያት።»

መጀመሪያ ቀን የወጣው ወተት የጠርሙሱን ቂጥ እንኳ አልሸፈነም።

«ላም ብሆን ይሄኔ ሸጠውኝ ነበር» አለች ሌይዴ።

ግን ጡት ሲለምድ ይሰጣል። ጎህ ሲቀድ፣ ኤሎዋ አንዱን ጡት ስትጠባ ሌላውን እያለበች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ተደረደረ። እያንዳንዱ ላይ ቀኑና ሰዓቱ በፕላስተር ተጽፏል። ዶና ዙሚራ ጠርሙስ ማጠቡንና መቀቀሉን የራሳቸው ሥራ አድርገው ያዙት። ሌይዴ ፍሪዘሩን ከፍታ ስታየው ደረቷ ይነፋል፤ እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን ይነፋል።

ረቡዕ ጠዋት ሙከራ ተደረገ። እናት አጠገቧ ካለች ልጅ ኩባያ አትነካምና ሌይዴ ጓሮ ወጥታ ተደበቀች። ዶና ዙሚራ አንዱን ጠርሙስ አቅልጠው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለብ አድርገው፣ በትንሽ ኩባያ ቀድተው ወደ ኤሎዋ ከንፈር አስጠጉት። ልጅቷ ምላሷን አውጥታ ቀመሰች። ፊቷን አኮማተረች። ተፋችው። ደግመው ሲያስጠጉት ቤቱን በጩኸት አናወጠችው፤ ሦስተኛው ላይ ኩባያውን በእጇ ገፍታ የአያቷ ቀሚስ ላይ ደፋችው።

ሌይዴ ሮጣ ገብታ ጡቷን ብትሰጣት ምንም እንዳልተፈጠረ ጭልጥ አድርጋ ጠባች። እንግዲህ ርቧታል፤ ወተትም ትወዳለች፤ ወተቱም የዚያችው እናት ነው። ታዲያ ምን ነክቷት ነው? ሌይዴ ልጅቷን እንደታቀፈች ኩባያው ውስጥ የቀረውን አነሣችና አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ሳሙና! ያውም እንዲሁ ሳሙና አይደለም፣ የኮኮናት ሳሙና። ከፍሪዘር ሌላ ጠርሙስ አወጣች፣ አቀለጠች፣ አሸተተች። ሦስተኛም ከፈተች። ሁሉም ሳሙና ሳሙና ይላል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሌይዴ ግን ለመጠርጠር ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም።

«ዶና ዙሚራ፣ ጠርሙሶቹን በሳሙና ነው እንዴ ያጠቧቸው?»

«በውሃ ነው ያጠብኳቸው። ከዚያ ቀቀልኳቸው።»

«ሳሙና አላስነኳቸውም?»

«አላስነካሁም አልኩሽ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው? እስቲ ያሽትቱት! በዚህ ቤት ከእርስዎ ሳሙና ሌላ ምን የሚሸት አለ? ጨርቁ ሳሙና፣ ወለሉ ሳሙና፣ ውሻው ሳሙና! ሁለት ሳምንት ሙሉ ጡቴ እስኪቆስል ያለብኩትን! ልጄን ሳሙና ሊያጠጡብኝ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። የዶና ዙሚራ ፊት አመድ መሰለ። ኩባያውን ከእጇ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«እኔ? እኔ ልጅ ሳሙና አጠጣሁ?» አሉ። ድምፃቸው ለወትሮው እንዲህ አይቀጥንም።

ወደ ሳሎን ሄደው የአልጋቸውን አንዱን ጫፍ ከመንጠቆው ላይ አወረዱ። ከዚያ ሌላኛውን። ጠቅልለው በገመድ አስረው በሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«እስከ ሰኞ ለልጅቷ ስል እዚህ ነኝ። ሰኞ አንቺ ወደ ሥራሽ፣ እኔ ወደ ቤቴ» አሉና ያን ቀን ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈው ተኙ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሰው ወለል ላይ ሲተኛ ማየት የሞት ያህል ነው።

ሌይዴ መጀመሪያ በንዴት አለቀሰች፣ ቀጥሎ በፍርሃት። ልጅቷ ኩባያውን ካልጠጣች ሥራ የለም፤ ዶና ዙሚራ ከሄዱ ደግሞ ኩባያውንም የሚይዝ የለም። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ላይ ተስፋ ትቆርጥ ነበር። እሷ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ አንድ ነገር ከነከናት። ዶና ዙሚራ ብዙ ጉድለት ይኖርባቸዋል፤ ውሸት ግን አያውቁም። ሐዘን ቤት ሄደው እንኳ ሟቹ ደግ ካልነበረ «ደግ ነበር» አይሉም። አላስነካሁም ካሉ አላስነኩም። ታዲያ ሳሙናው ከየት መጣ?

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ አራት ዕቃ ደረደረች። አንደኛው ራሷ በውሃ ብቻ አጥባ የቀቀለችው ጠርሙስ ነው። ሁለተኛው ከክሬውዛ ቤት የመጣ፣ የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ጠርሙስ። ሦስተኛው ከእናቷ የወረሰችው የሸክላ ሲኒ። አራተኛውን ደግሞ አውቃ በኮኮናት ሳሙና ፈትጋ አጠበችውና አለቀለቀችው። በአሥራ ሁለት ሰዓት አለበች፣ ለአራቱ እኩል አካፈለች፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ደብተር አወጣች።

አንድ ሰዓት ላይ አሸተተች፤ ምንም። ሁለት ሰዓት ላይ፤ ምንም። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ያን ሳምንት ተራዋ ከሰዓት በኋላ የሆነው ክሬውዛ ስትገባ አፍንጫዋ ጠርሙስ ውስጥ እንደተሰካ አገኘቻት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያሸተትኩ።»

«በይ እንግዲህ፣ እብደት ሲጀምር በዚህ ነው አሉ። አክስቴም ግድግዳ በማሽተት ነው የጀመራት።»

«ዝም ብለሽ ዓይንሽን ጨፍኚና አንቺም አሽቺ። የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም።»

ክሬውዛ እየሳቀች በሻሽ ዓይኗ ተሸፍኖ አሸተተች። ምንም አልሸተታትም። አራት ሰዓት ላይም እንዲሁ። አምስት ሰዓት ሲሆን ግን ክሬውዛ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች።

«ቆይ... ይሄኛው የዶና ዙሚራን ጓዳ ጓዳ አይልም?»

«ሌላውስ?»

«ይሄም ይላል። ኧረ ይሄም! አራቱም ነው እኮ!»

በሳሙና የታጠበው ከሌሎቹ አልበለጠም፣ በውሃ የታጠበውም አላነሰም። ስድስት ሰዓት ላይ ያለ ጥርጥር አራቱም አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ አሉ። ሌይዴ ሲኒውን ይዛ ፈዝዛ ቀረች። ያ ሲኒ በዓመት አንዴ እንኳ ሳሙና አይነካውም።

«ወይ ጉዴ!» አለች። «ሳሙናው እኔ ነኝ።»

ዶና ዙሚራ ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ቆመው ጨርቅ እያጣጠፉ አይተዋል። ሌይዴ እዚያው እግራቸው ላይ ልትወድቅ ፈልጋ ነበር፤ ግን «ታዲያ ምንድነው?» ቢሏት መልስ የላትም። ከዚያም ሌላ ፍርሃት ገባት። ወተቴ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ልጄን እያጠባሁ ያለሁት ምን ይሆን? እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ማደር ለማንም ከባድ ነው፤ ለእሷማ እሳት ነው።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ጠርሙስ በበረዶ ሣጥን ይዛ በሚኒባስ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች፤ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ የጡት ወተት ባንክ አለ። በሩ ላይ ስትደርስ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ቆሟል።

«ምን ተቃጠለ?» አለችው ሄልሜቱን በክንዱ ሥር ያደረገውን ሰውዬ።

«ምንም አልተቃጠለም እህቴ። ወተት ነው ያመጣነው።» ሣጥኑን ሲያነሣው ጠርሙሶቹ ተንቃጨሉ። በየቤቱ ዞሮ፣ የተረፋቸው እናቶች ያለቡትን ሰብስቦ መምጣቱ ነው።

«እሳት አደጋ ለምን ወተት ይሰበስባል?»

«እሳት በየቀኑ አይነሣም፤ ሕፃን ግን በየቀኑ ይርበዋል» አለና ገባ። መልሱ ስላረካት ተከትላው ገባች፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥማትም።

የባንኩ ኃላፊ ቫልዴሊሴ አጭር፣ ደንዳና፣ ቆብ ያጠለቀች ሴት ናት። ጠርሙሱን ከፍታ አንዴ ብቻ ሳብ አደረገች።

«የኮኮናት ሳሙና» አለች ወዲያው።

«እርስዎንም ሸተተዎት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት አፍንጫዬ ነው ደመወዝ የሚበላው። በይ አሁን ንገሪኝ፣ ማንን ከሰስሽ?»

«እ?»

«ይህን ሽታ ይዛ የምትመጣ ሴት ሁሉ አንድ ሰው ከስሳ ነው የምትመጣው። አንዷ እህቷን፣ አንዷ ሠራተኛዋን። ባሏን የከሰሰችም አለች፤ እሱ እንኳ ዕቃ አጥቦ አያውቅም።»

ሌይዴ አንገቷን ደፋች። «አማቴን።»

«እሱማ የተለመደው ነው። ምን ላድርግ፣ ይህ አገር የሕፃን ዕቃ በኮኮናት ሳሙና ማጠብ ሃይማኖቱ ነው። ወተት ሳሙና ሳሙና ሲል ሁሉም ዞሮ የሚያየው ልብስ ማጠቢያውን ነው። ስሚኝ የኔ እናት። ወተትሽ ውስጥ ስብ አለ። ያንን ስብ የሚፈጭ ነገርም አብሮት አለ፤ ልጅቷ ሆድ ውስጥ እንዲያግዛት ነው። የአንዳንዷ ሴት ዝግ ያለ ነው። ያንቺ ታታሪ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶም ሥራውን አያቆምም። ፍሪዘር ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ይፈጫል። የተፈጨው ስብ ነው እንዲህ የሚሸተው።»

«ሳሙናም የሚሠራው ከስብ ነው አይደል?»

ቫልዴሊሴ ቀና ብላ አየቻት። «ጎበዝ! ይህንን ለነርሶች ሳስረዳ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።»

«ተበላሽቷል ማለት ነው?»

«አልተበላሸም፤ ልጅ አይጎዳም። ጣዕሙን ካልወደደች ግን ማን ያስገድዳታል?»

«ለምንድነው የኔ ብቻ ታታሪ የሆነው?»

«ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ስንቷ አለች። ለምን አንዷ እንዲህ ሌላዋ እንዲያ እንደሆነች እኔም አላውቅም። ከታለበ በኋላ በስንት ሰዓት ነው መሽተት የሚጀምረው? መቼም አታውቂውም...»

ሌይዴ ደብተሩን አወጣች። ቫልዴሊሴ አንድ በአንድ አነበበችው። አራት ዕቃ፣ ስድስት ማሽተት፣ ዓይኗ የታሰረ ምስክር። ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ፤ ባልደረቦቿን ጠርታ አሳየቻቸው።

«አምስት ሰዓት አለሽ» አለች በመጨረሻ። «ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። እንዳለብሽ ወዲያው ድስት ውስጥ፣ እሳቱን ቀነስ አድርገሽ፣ ከላዩ ሳትነሺ ጠብቂው። ዳር ዳሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲታይ አውርጂው። እንዳይፈላ! ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ አብርጂው፣ ከዚያ ወደ ጠርሙስ። ያኔ ያ ፈጪ ይተኛል። ሥራ ቦታ የምታልቢውን በበረዶ ይዘሽ አምስት ሰዓት ሳይሞላው ቤት ድረሺ። ከሙቀቱ ትንሽ ጥቅም ይቀንሳል፤ ካልጠጣችው ግን ሁሉም ይቀራል። ማታ ማታ ደግሞ ከጡትሽ ሙሉውን ታገኛለች።»

«ፍሪዘር ያለውስ?»

«ያንን መመለስ አይቻልም የኔ ልጅ።»

ሌይዴ መንገዱን በሙሉ ስለ ጠርሙሶቹ አለቀሰች። ቤት ስትደርስ ግን እንባዋን ጠርጋ በቀጥታ ጓሮ ገባች። ዶና ዙሚራ ኤሎዋን አጠገባቸው አስተኝተው ጨርቅ ያጥባሉ።

«ዶና ዙሚራ፣ ሳሙናው እርስዎ አይደሉም። ወተቴ ራሱ ነው» አለችና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። «በድዬዎታለሁ። አፌን በቆረጠው። ይቅር ይበሉኝ።»

እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ከዚያ እኚህ ጠይቀው የማያውቁ ሴት መጠየቅ ጀመሩ።

«የቆርቆሮ ኩባያ ቢሆንስ?»

«የትም ቢሆን ያው ነው።»

«በውሃ ብቻ ቢታጠብም?»

«ባይታጠብም።»

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ድሮ መቼ?»

«የዛሬ አርባ አራት ዓመት።»

«የጡት ወተት ድሮና ዘንድሮ አለው ብለው ነው?»

ዶና ዙሚራ ፊታቸውን አዙረው ወደ አጥሩ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው የአጥሩን እንጨት ጨበጡ። ሌይዴ ለምን ልትል አፏን ከፈተች፤ ያ ጀርባ አስፈራትና መልሳ ዘጋችው። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ ጠዋት ድስቱ ተጣደ። ዶና ዙሚራ ማንኪያውን ከሌይዴ እጅ ቀሙ።

«አንቺ ተቀምጠሽ እለቢ። እሳቱ የኔ ነው።»

ድስቱ ላይ እንደ ጠባቂ ተተክለው፣ ዞር ሳይሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«ከኤዲናልዶ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ዞራይዴ። ያኔ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ በወለድኩ በሃያ ቀኔ መሸመኛው ላይ ተመለስኩ። ጠዋት አልቤ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ማሰሮው አጠገብ፣ ቀዝቃዛው ላይ አኖርላታለሁ። ቀን ላይ ሲሰጧት ትተፋለች። አማቴ አሸተተችው። ‹ኩባያውን በሳሙና አጥበሽ ሳታለቀልቂ ነው› አለችኝ። ማልኩላት። ‹እንግዲያውስ የተበላሸው ጡትሽ ነው› አለችና የካሳቫ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ታበላት ጀመር። እኔም አመንኳት። ማታ ጡቴን ስትፈልግ እንኳ እየፈራሁ ከለከልኳት። ተቅማጥ ያዛት። አምስት ወር አልሞላትም ነበር።»

ሌይዴ ማለቡን አቁማለች።

«አርባ አራት ዓመት ሙሉ ወይ ሳሙናውን ማለቅለቅ ረስቼ ነው፣ ወይ ጡቴ ነው እያልኩ ኖርኩ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነበር።»

ድስቱን ከእሳቱ ላይ አነሡት። «አረፋው ወጣ። ውሃ አምጪ።»

ሌይዴ ውሃውን አመጣች። ስትቸኩል ግማሹ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ዶና ዙሚራም ለመጀመሪያ ጊዜ ወለሉን ሳይወለውሉ አለፉት። ማታ ላይ የተጠቀለለው አልጋ ተመልሶ መንጠቆው ላይ ነበር።

እሑድ ከአዲሱ ወተት በኩባያ ሰጧት። ኤሎዋ ሁለት ጊዜ ጎንጨት አለች፣ አሰበች፣ ከዚያ እንቅልፏ መጣና ተኛች። አልተፋችውም። ግን ሁለት ጉንጭ ቀን ሙሉ አያውልም፤ ሌይዴም ያን ሌሊት አልተኛችም።

ሰኞ ማለዳ መሣሪያዋ ላይ ተገኘች። ሴው አጌኖር አይቷት ራሱን ነቀነቀና አለፈ። መወርወሪያው ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ፣ አንድ ቦታ ድሩን በጠሰችው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ሠርታ አታውቅም። ዶና ዙሚራ ስልክ የላቸውም፣ የሚደውል የለም። ልጅቷ አሁን እየጮኸች ይሆን? ርቧት ይሆን? እያለች እጇና ልቧ ለየብቻ ዋሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ የክር መጋዘን ውስጥ ገባች። በቀለም ክር ክምር ተከልላ፣ ሻሿን አስራ፣ አፏን ሸፍና ጠርሙሷን ደቀነች። ክሬውዛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ቀይ ክር ልወስድ ነው» የሚል የወንድ ድምፅ ተሰማ። ሴው አጌኖር ነው።

«በኋላ ይውሰዱ ሴው አጌኖር፤ ሴት ስታልብ ወንድ ከገባ ቀይ ክር ይነጣል።»

«ማነው ያለው?»

«አሁን እኔ አልኩ እኮ!»

ሌይዴ ሳቋን እየዋጠች ጠርሙሱን ዘግታ በረዶው ውስጥ ስትከተው የክሬውዛ ድምፅ ተቀየረ።

«ሌይዴ፣ ነይ ውጪ። አማትሽ የውጪው በር ላይ ናቸው።»

ሻሿን እንኳ ሳትፈታ ግቢውን እየሮጠች አቋረጠች። ዶና ዙሚራ በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ፣ ኤሎዋን በጃንጥላ ከልለው በጨርቅ አስረው ትከሻቸው ላይ አስተኝተው ቆመዋል። በሌላው እጃቸው ኩባያውን ይዘዋል። ሌይዴን ሲያዩ ኩባያውን ገለበጡት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ጠጣችው?»

«ጠዋት አንድ። አሁን አንድ። ጨርሳ ኩባያውን ልትበላው ነበር።»

ሌይዴ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። የልጅቷን እግር ይዛ ሳመች። ሆዷ ጢም ብሎ ተነፍቷል፤ አገጯ ላይ ወተት ደርቋል።

«ታዲያ ይህንን ሊነግሩኝ ነው በዚህ ፀሐይ በእግርዎ የመጡት? ማታ እኮ እመጣለሁ!»

ዶና ዙሚራ ባዶውን ኩባያ ያዩታል። ቀጥ ብሎ የኖረው ትከሻቸው ልጅቷን እንደተሸከመ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያቺም ትጠጣው ነበር» አሉ። «የሚነግረኝ ሰው ባገኝ፣ ያቺም ትጠጣው ነበር፣ ሌይዴ።»